ከአበባ ካርታ እስከ ካሴት፦ ስለ ኒንቴንዶ ለጠየቃችሁን

የዚህ ዕትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለኒንቴንዶ ተሰጥቷል። ግማሾቻችሁ የጻፋችሁት ስለ ድርጅቱ ታሪክ ነው፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ ከመሳቢያ ወጥቶ አልሠራ ስላለ አሮጌ ማጫወቻ። ሁለቱን ቀላቅለን መልሰናል። አሮጌው ዕቃ ለምን እንዲህ እንደሚበላሽ ሲመረመር ብዙውን ጊዜ መልሱ የሚገኘው ድርጅቱ ዕቃውን ሲሠራ ባሰበው ነገር ውስጥ ነውና። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ካርትሪጁን በለመዳችሁት ስም ካሴት ብለነዋል፤ ጃፓኖቹም የሚሉት እንደዚያው ነው።

ጥያቄ፦ ኒንቴንዶ የጀመረው የቁማር ካርታ በመሸጥ ነው የሚባለው እውነት ነው? ስሙስ ምን ማለት ነው?

ካርታ ሻጭነቱ እውነት ነው፤ ቁማርተኞች ከደንበኞቹ መካከል እንደነበሩም እንዲሁ። ፉሳጂሮ ያማኡቺ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1889 ኪዮቶ ውስጥ ሥራ ሲጀምር የሚሸጠው ሀናፉዳ የሚባለውን የአበባ ካርታ ነበር። ሀናፉዳ 48 ካርታ ነው፤ ለ12ቱ ወራት አራት አራት ይደርሳቸዋል። ጃንዋሪ ጥድ ነው፣ ማርች የቼሪ አበባ፣ ኦገስት ጨረቃ የወጣችበት ሣር ሜዳ። ቁጥር የሚባል ነገር የለበትም። የጃፓን ገዥዎች ከፖርቱጋሎች የመጣውን ባለቁጥር ካርታ ለቁማር ዋለ እያሉ ደጋግመው ሲከለክሉ፣ ካርታ ሠሪው በየጊዜው መልኩን እየቀየረ ሲያመልጥ ቆይቶ በመጨረሻ ሥዕሉ ብቻ ቀረ። ያማኡቺ የጀመረው ክልከላው ከላላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ካርታው ከዛፍ ልጥ በተሠራ ወረቀት፣ በእጅ እየተደራረበ የሚለጠፍ ነበር። ቁማርን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ምልክት ተደርጎበታል እንዳይባል በየጨዋታው አዲስ ካርታ ይከፍቱ ነበር፤ ለሻጭ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ የለም።

በ1902 መንግሥት በካርታ ላይ ቀረጥ ሲጥል ብዙ ትናንሽ ሠሪዎች ከገበያ ወጡ። ኒንቴንዶ ካርታውን በትምባሆ መሸጫዎች በኩል ያከፋፍል ስለነበር ተረፈ። በዚያው ጊዜ አካባቢ የምዕራባውያኑን ባለ 52 ካርታም ጃፓን ውስጥ ማምረት ጀመረ።

ታሪኩ የሚዞረው በ1949 የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ሂሮሺ ያማኡቺ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳለ ሥራውን ሲረከብ ነው። በ1953 በፕላስቲክ የተለበጠ ካርታ አመጣ። በ1956 አሜሪካ ሄዶ ሲንሲናቲ ውስጥ ያለውን የዘመኑን ትልቅ የካርታ አምራች ጎበኘ፤ ቢሮውን ሲያይ ግን ደነገጠ። በዓለም አንደኛ የተባለው ካርታ ሠሪ ያቺን የምታህል ቢሮ ካለው፣ የካርታ ንግድ ጣሪያው ያ ነው ማለት ነው። በ1959 የዲዝኒ ሥዕሎችን ካርታ ላይ አትሞ ለልጆች ሸጠና ገንዘብ አገኘ፤ በ1962 አክሲዮን ገበያ ገባ፤ በ1963 ከድርጅቱ ስም ላይ «ካርታ» የሚለውን ቃል አወጣ። ከዚያ በኋላ ፈጣን ሩዝም ታክሲም ሞክሮ አልሆነለትም። ሀናፉዳውን ግን ዛሬም ይሸጣል።

ስሙን በተመለከተ «ዕድልን ለሰማይ መተው» የሚለው ትርጉም በየቦታው ይጻፋል። ቃሉ የሚጻፍባቸው ሦስት ፊደላት ለዚህ ትርጉም ይመቻሉ፤ መሥራቹ ይህን አስቦ ስለመሰየሙ ግን ከራሱ የተገኘ ጽሑፍ የለም።

ጥያቄ፦ ዶንኪ ኮንግ የተሠራው ያልተሸጡ ማሽኖችን ለማራገፍ ነው ሲባል ሰማሁ። ደግሞስ 22ኛው ደረጃ ላይ ማሪዮ ምንም ሳይነካው የሚሞተው ለምንድነው?

አዎ፣ ለማራገፍ ነው። በ1980 የተቋቋመው የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሬዳር ስኮፕ የተባለ የተኩስ ጌም 3,000 ማሽን አዘዘ። ዕቃው ከጃፓን በመርከብ እስኪደርስ ወራት ፈጀ፣ ያን ጊዜ የተጫዋቹ ስሜት በርዶ ነበር። ወደ 1,000 የሚሆነው ተሸጦ 2,000 መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። ያማኡቺ ሳጥኑ፣ ስክሪኑና ጆይስቲኩ እንዳለ ሆኖ ቦርዱ ላይ ያለው ጌም ብቻ እንዲቀየር ወሰነ። ሥራውን የሰጠው ጌም ሠርቶ ለማያውቅ ሺገሩ ሚያሞቶ ለሚባል ወጣት ሠዓሊ ነው፤ ተቆጣጣሪ አድርጎ የመደበለት ደግሞ አንጋፋውን መሐንዲስ ጉንፔ ዮኮይን። ጌሙ በ1981 ወጣ። መጋዘን ውስጥ የነበሩት ማሽኖች በመለወጫ ቺፖች እየተቀየሩ አለቁ፤ ከዚያም አዲስ ማምረት ግድ ሆነ። ዘላዩ አናጢ ማሪዮ የተባለው ማሪዮ ሰጋሌ በሚባለው የመጋዘኑ አከራይ ስም ነው።

የ22ኛው ደረጃ ሞት የስሌት ስህተት ነው፤ ወረቀት ላይ ልታዩት ትችላላችሁ። ጌሙ ለእያንዳንዱ ደረጃ የሚሰጠውን ጊዜ የሚያሰላው የደረጃውን ቁጥር በ10 አባዝቶ 40 በመጨመር ነው። 1ኛው ደረጃ ላይ 50 ይሆናል፤ ሁለት ዜሮ ተጨምሮበት ስክሪኑ ላይ 5000 ይነበባል። 2ኛው 6000፣ 3ኛው 7000፣ 4ኛው 8000። ከዚያ በላይ እንዳይሄድ ከ80 የበለጠው ሁሉ ወደ 80 ይመለሳል። 22ኛው ላይ ግን ውጤቱ 260 ነው፤ ማሽኑ ቁጥሩን የሚይዝበት አንድ ባይት ከ255 በላይ አይችልም። 256ቱ ፈስሶ 4 ብቻ ይቀራል። 4 ከ80 ስለሚያንስ ገደቡ አይነካውም፤ ስክሪኑ 400 ያሳያል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጊዜው ያልቅና ማሪዮ ባለበት ይወድቃል። ማንም ተጫዋች እዚያ ይደርሳል ብሎ የገመተ አልነበረም።

የፊልም ሠሪው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ በ1982 «የዶንኪ ኮንግ ጦጣ የኪንግ ኮንግ ቅጂ ነው» ብሎ ከሰሰ። የኒንቴንዶ ጠበቃ ጆን ኪርቢ ያነሳው መከራከሪያ አንድ ነበር፦ ራሱ ዩኒቨርሳል ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ክስ የኪንግ ኮንግ ታሪክ የማንም ንብረት አይደለም ብሎ ተከራክሮ አሸንፏል። ዳኛው ለኒንቴንዶ ፈረዱ፤ ይግባኙም በ1984 ጸና።

ጥያቄ፦ ግራጫው ኤንኢኤስ ሲበራ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ስክሪኑም አብሮት። ካሴቱን እፍ ስለው አንዳንዴ ይሠራል። ማጫወቻው ሞቷል?

አልሞተም። ይህን ብልሽት ለመረዳት ግን ወደ 1983 መመለስ ያስፈልጋል።

ኒንቴንዶ በጁላይ 1983 ፋሚኮም የተባለውን የቤት ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ በ14,800 የን ሲያወጣ፣ በአሜሪካ የቤት ጌም ገበያ እየፈረሰ ነበር። ማንም እየተነሳ ለአታሪ ማሽን ካሴት ያመርት ስለነበር መደርደሪያው በማይረባ ጌም ተሞላ፤ ባለሱቆች ከሰሩ፤ አታሪ ራሱ የተረፈውን ካሴት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ ቀበረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒንቴንዶ ፋሚኮምን ወደ አሜሪካ ሊያስገባ ሲል ጌም የሚለውን ቃል የሚሰማ ነጋዴ ጠፋ። ስለዚህ መልኩን ቀየረው። ካሴቱ እንደ ፋሚኮም ከላይ መሰካቱ ቀርቶ እንደ ቪዲዮ ዴክ ከፊት ገብቶ ወደ ታች የሚጫን ሆነ፣ ስሙም «የኒንቴንዶ የመዝናኛ ሲስተም»፣ በአጭሩ ኤንኢኤስ። አብሮት ሮብ የተባለ ሮቦት ተሸጠ፤ አሻንጉሊት መሸጫዎች እንዲቀበሉት። ኦክቶበር 1985 ኒው ዮርክ ላይ ሲጀምር ለባለሱቆች ያልተሸጠውን መልሰን እንወስዳለን ብሎ ቃል ገባ።

የእናንተ ብልሽት የሚመጣው ከዚያ ጊዜ ሁለት ውሳኔዎች ነው። አንደኛው፣ ከፊት የሚገባው ካሴት በ72 እግር ማገናኛ ላይ በአግድም ገብቶ ወደ ታች ሲጫን፣ የማገናኛው ቀጫጭን ብረቶች በየጊዜው ይታጠፋሉ፤ ከዓመታት በኋላ ጉልበታቸው ይደክምና ካሴቱን አጥብቀው አይነኩም። ሁለተኛው የመቆለፊያ ቺፕ ነው። አንዱ ማጫወቻው ውስጥ፣ አንዱ እያንዳንዱ ካሴት ውስጥ ተቀምጠው ሲበራ ጀምሮ ምስጢራዊ ቁጥር ይለዋወጣሉ። ንግግራቸው ካልገጠመ ማጫወቻው በየሰከንዱ ራሱን ያጠፋና ያበራል። ብልጭ ድርግም የሚለው ይህ ነው። ቺፑ የተቀመጠው የአታሪ ዓይነቱ ጎርፍ እንዳይደገም ነው፦ ጌም መሥራት የሚፈልግ ሁሉ ካሴቱን ከኒንቴንዶ አስመርቶ፣ ቀድሞ ከፍሎ፣ በዓመት ከ5 ጌም ሳይበልጥ ይሸጥ ነበር። ኮናሚ የተባለው ጌም ሠሪ ገደቡን ለማለፍ ሲል አልትራ የሚባል ሌላ ስም እስከማውጣት ደርሷል። እናም የደከመ ብረት ከአንዲቱ የቺፕ መስመር ጋር ሲለያይ፣ ማጫወቻው የገዛ ጌሙን እንደ ሌባ ይቆጥረዋል።

ወደ ጥገናው እንግባ። በመጀመሪያ እፍ ማለቱን ተዉት። የሚሠራለት ካሴቱ ወጥቶ እንደገና ሲሰካ ብረቱ ሌላ ቦታ ስለሚነካ ነው፤ ትንፋሹ የሚጨምረው እርጥበት ብቻ ነው፣ እርጥበቱም ውሎ አድሮ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል።

ካሴቱን በ3.8 ሚሊሜትር ልዩ ካቻቢቴ ክፈቱ፤ ተራው አይገባበትም። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክራችሁ የቦርዱን ወርቃማ ጥርሶች በሁለቱም ጎን፣ ከላይ ወደ ታች፣ ጥጡ ጥቁር ማለቱን እስኪያቆም ጥረጉ። ስሙ ያለበት ጀርባ ላይ «በአልኮል አታጽዱ» ተብሎ መጻፉን ልብ ያላችሁ ትኖራላችሁ፤ ለፕላስቲኩና ለወረቀቱ እውነት ነው፣ እዚያ አታስነኩት። ከ70 በመቶ በታች የሆነው አልኮል ውሃው ስለሚበዛ ይቅርባችሁ። ብርጭቆ ወረቀትም አትጠቀሙ፤ የወርቁ ቅብ በጣም ስስ ነው፣ ከተፋቀ በኋላ ካሴቱ ከበፊቱ በፍጥነት ይዝጋል።

ካሴቶቹ ጸድተውም መብራቱ ካላቆመ ጥፋቱ ማገናኛው ነው። ማጫወቻውን ከፍታችሁ ማገናኛውን ከቦርዱ ጫፍ ሳቡት፤ የተበየደ አይደለም፣ ተንሸራቶ ይወጣል። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀቅሉት፣ ውሃውን አራግፉና አንድ ሙሉ ቀን አድርቁት። ያልደረቀ ማገናኛ መልሶ መግጠም ቦርዱን ማቃጠል ነው። በርካሽ የሚሸጡት አዳዲስ ማገናኛዎች መጀመሪያ ላይ ሸጋ ይመስላሉ፤ ግን ካሴቱን ነክሰው አይለቁም፣ ጥርሱንም ይፍቃሉ። የተቀቀለው አሮጌ ከነሱ ይሻላል። አንዳንድ ጠጋኞች የማጫወቻውን የመቆለፊያ ቺፕ 4ኛ እግር ቆርጠው ቺፑን ዝም ያሰኙታል። ይሠራል፣ ድርግም ማለቱም ይቀራል፤ የደከመው ብረት ግን እንደደከመ ስለሚቆይ ከመብራቱ ይልቅ የተበጣጠሰ ምስል ታያላችሁ። ኒንቴንዶ ራሱ በ1993 ከላይ የሚሰካ ኤንኢኤስ ሲያወጣ ማገናኛውን ቀየረው፣ ቺፑንም ተወው።

ጥያቄ፦ የዜልዳ ካሴቴ ጨዋታዬን ማስቀመጥ አቆመ። ውስጡ ባትሪ አለ ይባላል፤ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ካውያ መያዝ ከለመዳችሁ። ዜልዳ ጃፓን ውስጥ በ1986 የወጣው በፋሚኮም ዲስክ ላይ ስለነበር ጨዋታው እዚያው ዲስኩ ላይ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካው ማጫወቻ ዲስክ ስላልነበረው፣ በ1987 በወርቃማው ካሴት ሲወጣ ትንሽ የማስታወሻ ቺፕና መብራቱ ሲጠፋ ቺፑን የሚመግብ ሲአር 2032 ባትሪ ተጨመረ።

አስቀድማችሁ ለኩት። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ይላል፤ የማስታወሻ ቺፑ እስከ 2 ቮልት አካባቢ ይታገሣል፣ እና ቴስተሩ 2.5 እና ከዚያ በታች ካለ ቀይሩት። አሮጌው ሲነሳ የተቀመጠው ጨዋታ ሁሉ ይጠፋል፤ ይህን አውቃችሁ ግቡ።

አዲሱን ስትገዙ የብረት ጆሮ ያለውን ሲአር 2032 ምረጡ። ጆሮ የሌለውን ገዝታችሁ ሽቦውን በቀጥታ ባትሪው ላይ ልበይድ ማለት አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ባትሪውን ያሳብጠዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ቦርዱ ላይ የፖዘቲቩ ምልክት የት እንዳለ ፎቶ አንሱ። ካውያው 350 ዲግሪ አካባቢ ይሁን። የአሮጌው ሊድ በቀላሉ ካልቀለጠ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሩበት፣ ወዲያው ይለሰልሳል። እያንዳንዱን እግር ከ3 ሰከንድ በላይ አትያዙት፤ መዳቡ ከቦርዱ ከተላቀቀ ሥራው ወደ ሽቦ መጎተት ይሄዳል። አሮጌውን ባትሪ ከጆሮው ላይ በጉልበት መገንጠል ደግሞ የብዙ ሰው ስህተት ነው፤ ጆሮው መዳቡን ይዞ ይመጣል።

ባትሪው ጤነኛ ሆኖም ጨዋታ የሚጠፋባችሁ ከሆነ፣ ሲጠፋ ሪሴቱን ተጭናችሁ ይዛችሁ ፓወሩን አጥፉ። ጌሙ ራሱ ይህን ያዛል፣ ብዙ ሰው ግን እንደ ጌጥ ጽሑፍ ያልፈዋል። ኃይል ሲቋረጥ ቮልቱ በአንዴ ዜሮ አይገባም፤ በሚወርድባት ቅጽበት የማጫወቻው አእምሮ (ፕሮሰሰሩ) ግራ ተጋብቶ ማስታወሻው ላይ እንዳሻው ሊጽፍ ይችላል። ሪሴት ሲያዝ አእምሮው ቆሟልና አይጽፍም።

ጥያቄ፦ ጌም ቦይ ቀለም የለው፣ መብራት የለው። እንዴት ባለቀለሞቹን አሸነፈ?

በባትሪ ድንጋይ። በእጅ የሚያዘው ጌም ቦይ በአፕሪል 1989 በ12,500 የን ሲወጣ ስክሪኑ 160 በ144 ነጥብ፣ አራት ዓይነት አረንጓዴ ብቻ ነበረው። ግን በ4 ድንጋይ 15 ሰዓት ያህል ይሠራል። ባለቀለሙ የሴጋ ጌም ጊር 6 ድንጋይ ይበላና ከ3 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ ይጠፋል፤ የአታሪ ሊንክስም ያው ነው።

ይህ ያጋጣሚ ነገር አልነበረም። የሠራው ያው ጉንፔ ዮኮይ ነው። በ1965 ሲቀጠር ሥራው የካርታ ማተሚያ ማሽኖችን መጠገን ነበር። ሥራ ሲፈታ ለጨዋታ የሠራትን የምትዘረጋ የእንጨት እጅ ያማኡቺ አየና «ለገበያ አድርጋት» አለው፤ አልትራ ሃንድ ተብላ በ1966 ወጥታ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሸጠች። በ1980 ደግሞ ከካልኩሌተር ስክሪን ጌም ኤንድ ዋች የተባለውን የኪስ ጌም ሠራ። የካልኩሌተር አምራቾች ተፎካክረው ዋጋውን አውርደውት ስለነበር ስክሪኑ ርካሽ ነበር። የዮኮይ መርሕ በጃፓንኛ «የደረቀ ቴክኖሎጂ» ስለሚባለው ነው፦ ሁሉም የለመደው፣ ጉድለቱ ታውቆ ያለቀ፣ ዋጋው የረከሰ ዕቃ ወስዶ ማንም ላላሰበው ነገር ማዋል። ዛሬ በሁሉም ጆይስቲክ ላይ ያለውን የመስቀል ቅርጽ በተንም የሠራው እሱ ነው፤ መጀመሪያ የወጣው በ1982ቱ የዶንኪ ኮንግ ጌም ኤንድ ዋች ላይ ነበር፣ ጆይስቲክ ኪስ ውስጥ ስለማይገባ።

ከዚያ ቴትሪስ አለ። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ሞስኮ ውስጥ በ1984 የሠራው ጌም ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲሸጥ ያግባባው የጌም አሳታሚው ሄንክ ሮጀርስ ነው። ማሪዮ ልጆችን ያመጣል፣ ቴትሪስ ግን ሁሉንም ያመጣል የሚል ነበር ክርክሩ። ጌም ቦይና ተከታዩ ባለቀለሙ አንድ ላይ 118.69 ሚሊዮን ተሸጠዋል።

እግረ መንገድ፣ የመጀመሪያው ጌም ቦይ ያላችሁ ሰዎች ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ነጫጭ መስመሮች ካያችሁ ስክሪኑ አልተሰበረም። ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ቀጭን ጥብጣብ ከመዳቡ ተላቆ ነው። የጀርባው ብሎኖች ባለ ሦስት ክንፍ ካቻቢቴ ይፈልጋሉ። ጥብጣቡን የሚጫነውን ላስቲክ አንሱ፣ ማሽኑ በርቶ ሳለ ካውያውን በመጠነኛ ሙቀት ጥብጣቡ ላይ ከጎን ወደ ጎን ቀስ አድርጋችሁ አንሸራትቱ፤ መስመሮቹ ዓይናችሁ እያየ ይመለሳሉ። የጠፉት መስመሮች አግድም ከሆኑ ግን ካውያ አታስጠጉ። የዚያ ጎን ጥብጣብ በሙጫ ነው የተያዘው፣ ሙቀት ይገድለዋል።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን መጀመሪያ የኒንቴንዶ ነበር እንዴ?

የሁለቱ ሊሆን ነበር። የሶኒው ኬን ኩታራጊ የፋሚኮም ተከታይ ለሆነው ሱፐር ፋሚኮም የድምፅ ቺፑን የሠራ ሰው ነው። በ1988 ሁለቱ ድርጅቶች ለሱፐር ፋሚኮም ሲዲ ማጫወቻ ሶኒ እንዲሠራ ተዋዋሉ፤ ስሙም ፕሌይ ስቴሽን። ውሉ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ነበረች፦ በሲዲ የሚወጡ ጌሞችን ፈቃድ የሚቆጣጠረው ሶኒ ነው። ኒንቴንዶ ዋናውን ገንዘቡን የሚያገኘው ከየካሴቱ ነው፤ በ72 እግር ማገናኛው ላይ ያን ሁሉ መቆለፊያ ያሰረው ለዚህ ነበር። ያማኡቺ ውሉን ደግሞ ሲያነብ የገዛ ቤቱን ቁልፍ አሳልፎ እንደሰጠ ገባው።

በጁን 1991 ቺካጎ ላይ በተካሄደው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ሶኒ ማሽኑን አስተዋወቀ። በማግስቱ ኒንቴንዶ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዲውን የሚሠራልኝ ፊሊፕስ ነው አለ። ለሶኒ አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ከፊሊፕስ ጋር የታሰበውም አልተሠራም፤ የተረፈው ማሪዮንና ዜልዳን በፊሊፕስ ማሽን ላይ ያዋረዱ ጥቂት ጌሞች ናቸው። ያኔ የተሠራው የሶኒ ናሙና፣ የሱፐር ፋሚኮም ካሴት ቀዳዳና ሲዲ በአንድ ላይ ያለው፣ በ2020 በጨረታ በ360,000 ዶላር ተሽጧል።

ኩታራጊ ተናዶ አልቀረም። ፕሌይስቴሽን በዲሴምበር 1994 በሶኒ ስም ብቻ ወጣ፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ኒንቴንዶ በ1996 ኒንቴንዶ 64ን ሲያወጣ አሁንም ከካሴት አልተላቀቀም። ካሴት በፍጥነት ይከፍታል፣ ለመቅዳትም ያስቸግራል፤ ግን ትልቁ የሚይዘው 64 ሜጋባይት ሲሆን አንድ ሲዲ 650 ይይዛል፣ ሲዲ ለማተምም በጣም ይረክሳል። ፋይናል ፋንታሲ 7 በሦስት ሲዲ ነው የወጣው፤ ሠሪው ስኩዌር ለዓመታት ከኒንቴንዶ ጋር ቆይቶ ጌሙን ለሶኒ ሰጠ። ኒንቴንዶ 64 በ32.93 ሚሊዮን ቆመ። በእኛ ግምት ይህ ከቨርቹዋል ቦይ ውድቀት የከፋ ስህተት ነው። ያ ቀይና ጥቁር መነጽር በ1995 ወጥቶ 770,000 ብቻ ተሽጦ ሲቀር የከሰረው አንድ ዕቃ ነበር፤ በሲዲው ጉዳይ የሄዱት ግን ጌም ሠሪዎቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ የዊ ሴንሰር ባር ተሰብሮብኛል። በሻማ ይሠራል ያሉኝ ሰዎች ቀልደውብኝ ነው?

አልቀለዱም። «ሴንሰር» የሚለው ስም ነው የሚያሳስተው፤ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የሚቀመጠው ባር ምንም መረጃ አይቀበልም፣ ምንም መረጃ አይልክም። በሁለት ጫፉ ኢንፍራሬድ፣ ማለትም ለዓይን የማይታይ ብርሃን፣ የሚሰጡ አምፖሎች አሉት፣ በቃ። ካሜራው ያለው እጃችሁ ላይ ባለው ሪሞት አፍንጫ ላይ ነው፤ ሁለቱን ነጥቦች አይቶ ወዴት እንደጠቆማችሁ ያሰላል። ሻማም ኢንፍራሬድ ያወጣል። ሁለት ሻማ በ20 ሴንቲሜትር ልዩነት ከስክሪኑ ሥር አስቀምጡና ሞክሩት፤ መጋረጃና ልጆች አጠገብ አይሁን። ጨዋታ ስትጀምሩ ጠቋሚው ከዘለለ ሌላ የሙቀት ምንጭ፣ ለምሳሌ ፀሐይ የገባበት መስኮት፣ ከስክሪኑ ጀርባ አለ ማለት ነው።

ዊ የተባለው ማጫወቻ በ2006 ሲወጣ ከተፎካካሪዎቹ አቅሙ ደካማ ነበር፤ ግን 101.63 ሚሊዮን ተሸጠ። ያኔ ድርጅቱን ይመራ የነበረው ሳቶሩ ኢዋታ ራሱ ፕሮግራመር የነበረ ሰው ነው። ተከታዩ ዊ ዩ በ13.56 ሚሊዮን ወደቀ። ግማሹ ጥፋት የስሙ ነው፤ ብዙ ሰው ለዊ የሚገጠም ተጨማሪ ዕቃ መስሎት ነበር። ኢዋታ በ2011 እና በ2014 ገበያው ሲበላሽ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቆረጠ። በጁላይ 2015 አረፈ፤ በሱ ዘመን የተጀመረው ስዊች የተባለው ማጫወቻ ማርች 2017 ሲወጣ አላየውም። ስዊች ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

ጥያቄ፦ ፋሚኮም ከጃፓን መጣልኝ። የኤንኢኤሴ አዳፕተር ቀዳዳው ላይ ልክ ገጥሟል፤ ላብራው?

አይብራ፤ ገና ካላበራችሁት ንቀሉት። መሰኪያው አንድ ነው፣ የሚሰጠው ኃይል ግን የተለያየ ነው። የአሜሪካው ኤንኢኤስ አዳፕተር 9 ቮልት ኤሲ ያወጣል። ኤንኢኤስ ውስጡ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ስላለው አይጎዳም፤ ፋሚኮም ግን የለውም፣ የቮልት መቆጣጠሪያውና ካፓሲተሩ ይቃጠላሉ። ፋሚኮም የሚፈልገው 10 ቮልት ዲሲ፣ 850 ሚሊአምፔር፣ መሐሉ ኔጋቲቭ የሆነ ነው። ዛሬ የሚሸጠው አብዛኛው አዳፕተር መሐሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ሥዕል አይታችሁ፣ በቴስተርም አረጋግጣችሁ ብቻ ሰኩ። ሱፐር ፋሚኮምም በዚሁ ይሠራል። ኦሪጅናሉ የጃፓን አዳፕተር ከመጣላችሁ ደግሞ ለ100 ቮልት የተሠራ ነው፤ ትራንስፎርመር ሳይኖር 220 ላይ አይሰካም።

ሌላው፣ የመጀመሪያው ፋሚኮም ቪዲዮ መውጫ የለውም፣ በአንቴና ብቻ ነው፤ የሚልከውም በጃፓን ቻናል 1 ወይም 2 ነው። እነሱ 91 እና 97 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ስለሚውሉ የሌላ አገር ቴሌቪዥን በተለመደው ቻናል አያገኛቸውም። የኬብል ቻናል የሚያነብ ቴሌቪዥን ካላችሁ 95 እና 96ን ሞክሩ። በተኖቹ አራት ማዕዘን የጎማ ከሆኑ ከመጀመሪያዎቹ ምርቶች አንዱ ደርሷችኋል፤ ተጭነው ስለሚቀሩ ኒንቴንዶ ቶሎ ወደ ክብ ፕላስቲክ ቀይሯቸዋል። ከመጫወታችሁ በፊት ጎማው እንዳልተሰነጠቀ እዩት።